ደም በዝቶም አንሶም ይሆናል ወይ?

ጤና ይስጥልኝ ውድ አንባቢዎቼ። ለዚህ ወር አራት ጥያቄ መርጫለሁ። አራቱም ጠያቂዎች የተቸገሩት በበሽታው ብቻ አይደለም፤ በቃሉም ነው። ሐኪሙ አንድ ነገር ይናገራል፣ ቃሉ ቤት ሲደርስ ሌላ ትርጉም ይዞ ይገባል። እኔ 19 ዓመት ላብራቶሪ ውስጥ ሠርቼ አሁን የጤና ተማሪዎችን አናቶሚ አስተምራለሁ። በሁለቱም ቦታ ሰው በቃል ምክንያት ሲጎዳ አይቻለሁ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ፤ ታገሡኝ።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ደም ብዛት አለብሽ ተብላ ኪኒን ጀመረች። በቀደም ደግሞ ድካም ሲበዛባት ሐኪም ቤት ብወስዳት ደም ማነስ አለባት አሉኝ። ወረቀቱ ሄሞግሎቢን 9.4 ይላል። እሷ አሁን "ኪኒኑ ነው ደሜን የጨረሰው" ብላ መዋጥ አቁማለች። ጎረቤቶቻችንም ልክ ነሽ አሏት። ቀይ ሥር ብቻ ነው የምትበላው። ለመሆኑ ደም በዝቶም አንሶም ይሆናል ወይ?» — ልጇ፣ ከደብረ ብርሃን

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። እናትሽ የግፊቱን ኪኒን በራሷ ማቆም የለባትም። ዛሬውኑ ለሐኪሟ አሳውቂ። የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳያሳምም ነው የሚጎዳው። ስለዚህ «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ብትልሽ አትመኛት። የገዛ አክስቴ እንደ እናትሽ «ደሜን ጨረሰው» ብላ አቆመች። በስምንተኛው ወር ግራ እጇና እግሯ አልንቀሳቀስ አለ። እኔ ያኔ ላብራቶሪ ውስጥ በየቀኑ የሰው ደም እመረምር ነበር፤ የእሷን ግን ማንም አልነገረኝም። ደብዳቤሽን ሳነብ እሷ ናት ፊቴ ላይ ድቅን ያለችው።

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። ደም ብዛት ማለት ደም በዛ ማለት አይደለም። ደም በደም ቅዳ ውስጥ ሲሄድ የቧንቧውን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ጨመረ ማለት ነው። ደም ቅዳ የምንለው ከልብ ደም ቀድቶ የሚወስደውን ነው፤ ወደ ልብ የሚመልሰው ደም መልስ ይባላል። ጎማ ይዘሽ ግቢ ስታጠጪ ጫፉን በአውራ ጣትሽ ጫን በይው። ውሃው ርቆ ይወረወራል። ውሃው አልበዛም፣ መውጫው ነው የጠበበው። ቀጫጭኖቹ ደም ቅዳዎች ሲጠቡና ሲደድሩ በሰውነታችንም ይኸው ነው የሚሆነው። ስለዚህ የደም ግፊት የሚለው ስም ይሻላል። ሲለካ ሁለት ቁጥር ይነግሩሻል። ላይኛው ልብ ሲጨመቅ ያለው ግፊት ነው፣ ታችኛው ልብ ሲያርፍ ያለው። ሐኪም ቤት ተደጋግሞ ተለክቶ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት አለ ይባላል።

ደም ማነስም እንዲሁ ደም ጎደለ ማለት አይደለም። በሻይ አስቢው። አንዱ ብርጭቆ ወፍራም ሻይ ነው፣ ሌላው ቅጠሉ ያነሰበት ቀጭን ሻይ። ሁለቱም ብርጭቆ ሙሉ ነው። በእናትሽ ደም ውስጥ ያነሰው ሄሞግሎቢን ነው፤ ከሳንባ ኦክስጅን ተሸክሞ ወደየአካሉ የሚያደርሰው ብረት ያለበት ፕሮቲን። እያንዳንዱ ሄሞግሎቢን አራት የብረት አተም አለው፣ ኦክስጅኑ የሚያዘው እዚያ ላይ ነው። ብረቱ ካነሰ ሄሞግሎቢኑ በደንብ አይሠራም፣ ተሸካሚው ያንሳል፣ ሰው ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። እንግዲህ ቀጭን ሻይ በጠበበ ጎማ ውስጥ በኃይል ሊሄድ ይችላል። እናትሽ ሁለቱም ያለባት ለዚህ ነው።

ይህን ለተማሪዎቼ በዓይናቸው አሳያቸዋለሁ። ከክብሪት እንጨት የቀጠነ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ደም እንሞላለን፣ አንዱን ጫፍ እንደፍነዋለን፣ በሚሽከረከረው ማሽን አምስት ደቂቃ እናዞረዋለን። ሲወጣ ደሙ ተለያይቷል። ከላይ እንደ ገለባ ቢጫ የሆነ ጠራ ያለ ፈሳሽ አለ፤ ፕላዝማ ነው። ከታች ጥቅጥቅ ያለ ቀይ አለ፤ ቀይ የደም ሴሎች ናቸው። በሁለቱ መካከል እንደ ክር የቀጠነች ነጣ ያለች መስመር ትታያለች፤ ነጭ የደም ሴሎችና ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶች ናቸው። ጤነኛ ሰው ላይ ቀዩ ከቱቦው ወደ ግማሽ ይጠጋል። ደም ማነስ ያለበት ሰው ላይ ሩብ ብቻ ሊሆን ይችላል። ቱቦው ግን ያው ሙሉ ነው። አንዴ ይህን ያየ ተማሪ ሁለተኛ አይሳሳትም።

9.4 ማለት በእያንዳንዱ 100 ሚሊሊትር ደም ውስጥ 9.4 ግራም ሄሞግሎቢን አለ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 በታች ሲሆን ደም ማነስ ይለዋል። ያ ቁጥር የተቀመጠው ለቆላና ለባሕር ጠረፍ ሰው ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት ሄሞግሎቢን ይጨምራል፣ መለኪያውም ከፍ ይላል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ናት። ስለዚህ እዚያ የተለካ 9.4 ቀላል ቁጥር አይደለም። ሐበሻ ደገኛ ላይ ግን አንድ የሚገርም ነገር አለ። በሰሜን ተራሮች ውስጥ አምባራስ በሚባል ቦታ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ተለክተው ሄሞግሎቢናቸው ከቆላ ሰው ብዙም እንደማይበልጥ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት አሳይቷል። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ላይ የሚኖሩት ግን በጣም ከፍ ይልባቸዋል። የእኛ ደገኞች ሰውነት ከፍታውን በሌላ መንገድ ነው የለመደው።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። ሁለቱ በሽታዎች የሚገናኙበት አንድ ቦታ አለ፤ ኩላሊት ነው። ለዓመታት ያልተቆጣጠሩት ግፊት የኩላሊትን ቀጫጭን ደም ስሮች ይጎዳል። ኩላሊት ደግሞ ሽንት ብቻ አይደለም የሚሠራው። ኤሪትሮፖየቲን የሚባል ሆርሞን እያመረተ መቅኒን «ቀይ ሴል ሥራ» ይለዋል። ቀይ ሴል ዕድሜው 120 ቀን ገደማ ነው፤ በየጊዜው መተካት አለበት። ኩላሊት ከደከመ ትእዛዙ ይቀንሳል፣ ሄሞግሎቢን ይወርዳል። ስለዚህ ሐኪሟን «ክሬአቲኒኗ ታይቷል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ክሬአቲኒን ከጡንቻ ሥራ የሚተርፍ ቆሻሻ ነው፤ ኩላሊት ነው አጣርቶ የሚያስወጣው። በደም ውስጥ ከበዛ ማጣሪያው እየደከመ ሊሆን ይችላል። ደግሞም በዚህ ዕድሜ ከጨጓራ ወይም ከአንጀት ቀስ እያለ የሚፈስ ደም ካለ መታየት አለበት። ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ይጠቁር እንደሆን፣ የሕመም ማስታገሻ ታዘወትር እንደሆን ጠይቂያት። የወር አበባ ባቆመች ሴት ላይ ደም ማነስ ምክንያቱ ሳይታወቅ የብረት ኪኒን ብቻ ተሰጥቶ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ቀይ ሥሩን ትብላ፣ ጥሩ ምግብ ነው። ቅላቱ ግን ብረት አይደለም፤ ቤታላይን የሚባል ቀለም ነው፣ ከደም ጋር ዝምድና የለውም። ብረት ከፈለገች ሥጋ፣ ጉበት፣ ምስር፣ ሽሮ፣ የጤፍ እንጀራ አለ። ከምግቡ ጋር ቲማቲም ወይም ሎሚ ይኑር፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱ እንዲገባ ይረዳል። ቡናውንና ሻዩን ግን ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል አርቁት። ገና እንጀራው ሳይነሳ ቡና መድረሱ ደስ ይላል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ቡናና ሻይ ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮች ብረቱን አንጀት ውስጥ ይዘው ያስቀሩታል።

«እኔ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እማዬን ሐኪም ጋ ወስጄ እኔው ሳስተረጉም "የአንገትሽ እጢ በደንብ አይሠራም" አልኳት። እጢ ስትሰማ ካንሰር መስሏት አለቀሰች፤ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ምን ማለት ነበረብኝ? የላብራቶሪ ወረቀቱ ላይ ያሉት ቲ-ሦስትና ቲ-አራትስ ምንድን ናቸው? ፓንክሪያስ የሚባለውስ በአማርኛ ምንድን ነው?»

ወንድሜ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። እጢ ሁለት ትርጉም አለው። የትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ እጢ ማለት አንድ ነገር የሚያመነጭ አካል ነው፤ ምራቅ፣ ላብ፣ ወተት፣ ሆርሞን። ሰፈር ውስጥ ግን እጢ ማለት ያበጠ፣ የወጣ፣ ቢቆረጥ የሚሻል ነገር ነው። እማማ የሰሙት የሰፈሩን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ እጢ የሚለውን ቃል ተወውና ሥራውን ንገራቸው፦ «ከማንቁርትሽ በታች የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ትንሽ አካል አለ። ሁላችንም አለን። ሰውነት ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚሠራ የሚያዝዝ ሆርሞን ያመርታል። የአንቺ ቀስ ብሏል፣ መድኃኒት አለው።» እንዲህ ቢባሉ ያን ሁለት ቀን ይበሉ ነበር።

የቲ ቁጥሮቹ ቀላል ናቸው። ቲ-አራትና ቲ-ሦስት ያ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው አካል፣ ታይሮይድ የሚባለው፣ የሚያመርታቸው ሆርሞኖች ናቸው። ቲ-አራት ላይ አራት የአዮዲን አተም አለ፣ ቲ-ሦስት ላይ ሦስት። በቃ፣ ስሙ ቆጠራ ነው። አዮዲን ያለበት ጨው ብሉ የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ሆርሞኑ ያለ አዮዲን አይሠራም። ቲ-ኤስ-ኤች የሚለው ደግሞ ከአንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ የሚመጣ ትእዛዝ ነው። ታይሮይድ ሲሰንፍ ትእዛዙ ይጮኻል። ስለዚህ ቲ-ኤስ-ኤች ከፍ ብሎ ብታይ አብዛኛውን ጊዜ ታይሮይዱ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ነው የሚረዳው።

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ተረት እማማ ያውቁታል። በተረቱ አስረዳቸው። እንቅርት ያበጠ ታይሮይድ ነው። ጆሮ ደግፍ ያበጠ የምራቅ እጢ ነው፤ ከጆሮ በታችና ፊት ለፊት ያለው። አያቶቻችን ሁለቱን እጢዎች ለይተው ስም ሰጥተዋቸዋል፣ ጎን ለጎንም አስቀምጠዋቸዋል።

ፓንክሪያስ ቆሽት ነው። «ቆሽቴ አረረ» የምንለው እሱ ራሱ። ከጨጓራ ጀርባ ተጋድሞ ይገኛል፤ ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞችና ኢንሱሊን ያመርታል። ኢንሱሊን የሚለው ስም የመጣው ደሴት ከሚለው የላቲን ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1869 ላንገርሃንስ የሚባል ጀርመናዊ ተማሪ በማይክሮስኮፕ ቆሽትን ሲመረምር እንደ ደሴት ተበታትነው የተቀመጡ የሴል ክምችቶች አየ። ኢንሱሊን የሚወጣው ከእነዚያ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ የአሜሪካ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ጠይቅ። አንተ እንደ ልጅ እጃቸውን ይዘህ ተቀመጥ።

«የመጀመሪያ ዓመት ነርሲንግ ተማሪ ነኝ፣ ጎንደር። አናቶሚ ቃሉ ብቻ ሊያሳብደኝ ነው። 206 አጥንት በላቲን! በጭንቅላቴ አልገባ አለ። ኬሚስትሪው ደግሞ ሶዲየምን ኤን-ኤ፣ ፖታሲየምን ኬ ይላል። ለምን?»

አይዞህ ልጄ። ላቲኑን እንደ አስማት ቃል አትያዘው። የጓዳ ቃል ነው። እኛ የጉልበታችንን ክዳን አጥንት ሎሚ እንለዋለን፣ ክብ ስለሆነ። እነሱ ፓቴላ አሉት፤ ትንሽ ሳህን ማለት ነው። ክላቪክል ትንሽ ቁልፍ ነው። ቲቢያ ዋሽንት ነው፤ የቅልጥም አጥንት ዋሽንት ይሠራበት ነበር። በጆሮ ውስጥ ያለችው ኮክሊያ ቀንድ አውጣ ናት። የዳሌ አጥንት ላይ ጭን የሚገባበት ጉድጓድ አሴታቡለም ይባላል፣ የኮምጣጤ ጽዋ ማለት ነው። ማድቤት ገብተህ ዕቃውን እያነሳህ አጥና፣ አትረሳውም።

206ቱም እንደምታስበው አይከብድም። አንድ እጅ ላይ ከአንጓ እስከ ጣት ጫፍ 27 አጥንት አለ። አንድ እግር ላይ ከቁርጭምጭሚት በታች 26። ሁለቱን እጅና ሁለቱን እግር ደምር፤ 106። ከግማሽ በላይ ጨረስክ። ቀኝና ግራም የበሽተኛው ቀኝና ግራ እንጂ ያንተ አይደለም። ፊት ለፊትህ ሲቆም ጉበቱ ባንተ ግራ በኩል ነው። በዚህ ፈተና ላይ የሚወድቅ ብዙ ነው፣ ሥራ ላይ ሲሆን ደግሞ ሰው ይጎዳል።

ቃላቱን ሰባብራቸው። መጨረሻው አይቲስ ከሆነ ብግነት ነው፤ ሄፓታይቲስ የጉበት ብግነት፣ ኔፍራይቲስ የኩላሊት። ሃይፐር በላይ፣ ሃይፖ በታች። ኤሚያ በደም ውስጥ። አኒሚያን ብትሰብረው «ደም አልባ» ይሆናል፤ ግሪኮቹም እንደኛ ናቸው፣ ከላይ ያለችውን እህትህን ያሳሳታት ስም በግሪክኛም አለ።

ፊደሎቹም ከዚያው ናቸው። ሶዲየም በላቲን ናትሪየም ነው፣ ፖታሲየም ካሊየም። ካሊየም ከዐረብኛው አልቃሊ የመጣ ነው፤ የዕፅ አመድ ማለት ነው፣ ፖታሲየም ከአመድ ይወጣልና። ስለዚህ ሃይፖካሌሚያ ስትሰማ ሃይፖ፣ ካሊ፣ ኤሚያ በል፤ በደም ውስጥ ፖታሲየም አነሰ። ጤነኛው ከ3.5 እስከ 5 ነው፣ ሶዲየም ከ135 እስከ 145። ይህን ያህል ልዩነት ያለው ሶዲየም ከሴል ውጭ ስለሚበዛ ነው፤ ፖታሲየም ግን አብዛኛው ሴል ውስጥ ነው የሚኖረው። ደም ስትቀዳ ተጠንቀቅ። በቀጭን መርፌ በኃይል ከሳብከው ወይም ቱቦውን ካንቀጠቀጥከው ቀይ ሴሎቹ ይፈነዳሉ፣ ፖታሲየማቸው ይፈሳል፣ ወረቀቱ ላይ 6 እና 7 ይወጣል። እንዲህ ያለ ናሙና ስንት ጊዜ በመስኮት መልሻለሁ። ፕላዝማው ቢጫ መሆኑ ቀርቶ ሮዝ ይሆናል፣ በዚያ ይታወቃል።

«ሐሞቴ ጠጠር ይዞ በቀዶ ሕክምና ወጣ። ያለ ሐሞት ምግብ እንዴት ይፈጫል? ሰውስ ያለ ሐሞት ይኖራል?» — ከደሴ

ይኖራል እህቴ፣ ደህና ሆኖ ይኖራል። የወጣው ሐሞቱ ሳይሆን ከረጢቱ ነው። በአማርኛ ፈሳሹንም ከረጢቱንም ሐሞት ስለምንል ነው የደነገጥሽው። ለፋሲካ በግ ሲታረድ አባቴ ጉበቱን አውጥቶ ከሥሩ የተለጠፈችውን አረንጓዴ ከረጢት በቢላ ጫፍ ቀስ አድርጎ ይለያት ነበር። እኔ ሳህን ይዤ አጠገቡ እቆማለሁ። ከፈሰሰች ጉበቱ ይመራል፣ ዱለቱ ይበላሻል። ሐሞቱን የሚሠራው ግን ያ ትልቁ ጉበት ነው። በሰው ላይ ጉበት በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ሐሞት ይሠራል። ከረጢቷ የምትይዘው ከ30 እስከ 50 ሚሊሊትር ነው፤ ጎተራ ናት እንጂ እርሻ አይደለችም። አሁን ሐሞትሽ ሳይጠራቀም በቀጥታ ወደ አንጀት ይንጠባጠባል።

ሥራውም ቅባት ላይ ነው። የወጥ ሰሃን ላይ የረጋ ቅቤ በውሃ ብቻ አይለቅም፤ ሳሙና ሲነካው ይበታተናል። ሐሞትም ቅባቱን እንዲሁ ይበታትነዋል፣ የቆሽት ኢንዛይም ያኔ ይፈጨዋል። ጎተራው ስለሌለ ብዙ ቅባት ባንድ ጊዜ ከመጣ ሆድሽን ያስቀምጥሽ ይሆናል። ለጥቂት ሳምንት ቅቤውን ቀነስ አድርጊ፣ ትንሽ ትንሽ እያልሽ ደጋግመሽ ብዪ። ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ድሮ ምግብሽ ተመለሺ። ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንትሽ እንደ ኮካ ከጠቆረ ግን ሳትቆዪ ወደ ቀዶ ሐኪምሽ ሂጂ።